የኤክስካቫተር ቁፋሮ ጥልቀት፦ ሰው ቦዩ ውስጥ ሳይወርድ እንዴት በትክክል ይለካል?

ቦይ_420 (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የፍሳሽ መስመር ቁፋሮ ልንጀምር ስለሆነ፣ ጥልቀት አለካክ ላይ ልምድ ያላችሁ ሰዎች ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ።

መስመሩ 420 ሜትር ነው፤ 8 ማንሆል (የመፈተሻ ጉድጓድ) አለው፣ በየ60 ሜትሩ። ቱቦው የኮንክሪት ሆኖ የውስጥ ዲያሜትሩ 300 ሚ.ሜ፣ ተዳፋቱ 0.5 በመቶ ነው። መሬቱ ወጣ ገባ ስለሆነ የቦዩ ጥልቀት ከ2.1 እስከ 3.8 ሜትር ይሄዳል፤ ወርዱ 90 ሴ.ሜ። ላይ ላዩ ጥቁር ጭቃ፣ ከሥሩ ቀላ ያለ ጠንካራ ሸክላ ነው። ማሽኑ ባለ 21 ቶን ኤክስካቫተር ነው፤ ቡሙ (ከካቢኑ የሚነሳው ትልቁ ክንድ) 5.7 ሜትር፣ አርሙ (ባኬቱን፣ ማለትም መቆፈሪያውን የሚይዘው ክንድ) 2.9 ሜትር፣ የጥልቀት ማሳያ የሚባል ነገር የለውም። እጃችን ላይ ያለው አንድ አውቶ ሌቭል (በአግድም የሚያሳይ የከፍታ መለኪያ መነጽር)፣ ባለ 5 ሜትር ስታፍ (ቁጥር የተጻፈበት ረጅም መለኪያ) እና ተዳፋት የሚሞላለት ተሽከርካሪ ሌዘር ከነሪሲቨሩ (ጨረሩን ከሚይዘው መሣሪያ ጋር) ነው።

ብዙ ሳይት ላይ የሚሠራበት መንገድ የታወቀ ነው። ኦፕሬተሩ በዓይኑ ይቆፍራል፤ አንድ ልጅ ሜትር ይዞ ይወርድና ከመሬቱ አፍ እስከ ታች ለክቶ ወደ ላይ ይጮኻል። ይህን ማድረግ አልፈልግም። ልጁ በ3 ሜትር ቦይ ውስጥ ከባኬት ሥር ነው የሚቆመው፤ ልኩም ልክ አይሆንም።

ማወቅ የምፈልገው ያለንን መሣሪያ ይዘን ጥልቀቱን ከላይ ሆነን እንዴት እንደምንቆጣጠር ነው። በተጨማሪም ማሽኑ ላይ ባለ 2ዲ የጥልቀት ማሳያ (የባኬቱን ጥልቀት ከሴንሰር አስልቶ ለኦፕሬተሩ የሚያሳይ ስክሪን) ማስገጠም ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ያዋጣል ወይ? ምኑ ላይ ነው የሚሳሳተው?

ሌቭል_ከነስታፉ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ከመሬቱ አፍ መለካትን ተወው። የመሬቱ አፍ በየሜትሩ ይለያያል፤ ቁፋሮ ሲጀመር ደግሞ አፈር ይከመርበታል፣ የማሽኑ ሰንሰለት ይረግጠዋል። ፕሮፋይሉ (የመስመሩ ቁመታዊ ሥዕል) ላይ «ጥልቀት 2.80» ተብሎ የተጻፈው ለክፍያ ግምት ይጠቅማል እንጂ ለኦፕሬተር አይሰጥም። ኦፕሬተሩ የሚያስፈልገው የቦዩ ወለል ከፍታ ነው፤ ይህ ደግሞ ከቤንች ማርክ (ከፍታው ከታወቀ ቋሚ ምልክት) እንጂ ከሌላ ከየትም አይመጣም።

በቁጥር ላሳይህ። የመጀመሪያው ማንሆል ኢንቨርት 2341.250 ነው እንበል። ኢንቨርት የቱቦው የውስጥ ወለል ስለሆነ የቱቦውን ግድግዳ 50 ሚ.ሜ እና የአሸዋ ምንጣፉን 150 ሚ.ሜ ትቀንሳለህ። የቦዩ ወለል 2341.050 ይሆናል። እዚህ ላይ የግድግዳው ውፍረት ተረስቶ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር በ5 ሴ.ሜ ከፍ ብሎ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ቱቦው ሳይት ላይ ሲደርስ ውፍረቱን ራስህ ለካ፣ ካታሎግ አትመን።

ከዚያ ሌዘሩን ተዳፋት ሳትሞላበት ተክለህ ስታፉን ቤንች ማርኩ ላይ አቁም። ቤንች ማርኩ 2344.600 ሆኖ ሪሲቨሩ 1.325 ላይ ቢይዝ፣ የሌዘሩ ከፍታ 2345.925 ነው። ከዚህ ላይ 2341.050 ሲቀነስ 4.875 ሜትር ይመጣል። ሪሲቨሩን ስታፉ ላይ 4.875 ላይ ታስረዋለህ፤ ልጁ ቦዩ አፍ ላይ ቆሞ ስታፉን ወደ ታች ያወርዳል። ሪሲቨሩ «ልክ ነው» ካለ ወለሉ ደርሷል። ማንም አይወርድም።

አሁን ተዳፋቱ። ሌዘሩን አግድም ትተህ ብትሠራ ንባቡ በየ10 ሜትሩ በ50 ሚ.ሜ ይጨምራል። 25ኛው ሜትር ላይ 5.000 ይደርስና ስታፍህ ያልቃል። ስለዚህ 0.5 በመቶውን ሌዘሩ ላይ ሙላው፤ ያኔ ከማንሆል እስከ ማንሆል አንድ ቁጥር ብቻ ትይዛለህ። ግን እዚህ ውስጥ ሁለት ወጥመድ አለ።

አንደኛው፣ ተዳፋት ከሞላህ በኋላ ቤንች ማርኩን እንደገና አታንብብ። ሌዘሩ አሁን ዘንበል ያለ ወለል ነው የሚሠራው። ቤንች ማርኩ በተዳፋቱ አቅጣጫ ከሌዘሩ 40 ሜትር ቢርቅ ንባቡ በ200 ሚ.ሜ ይዋሻል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በአውቶ ሌቭሉ ከቤንች ማርክ ተነስተህ ከእያንዳንዱ ማንሆል ጎን፣ ማሽኑ የማይደርስበት ቦታ ላይ፣ ራሱ ላይ ሚስማር የተመታበት ችካል ትከልና ከፍታውን ጻፍበት። ሌዘሩን መጀመሪያው ማንሆል አጠገብ ተክለህ ተዳፋቱን ሙላ፤ የስታፍ ቁጥርህን ከዚያው ማንሆል ችካል ላይ አስላ።

ሁለተኛው ምልክቱ ነው። ፕላስና ማይነስ ቢገለበጥ በ60 ሜትር ውስጥ 300 ሚ.ሜ ይወርዳል የተባለው 300 ሚ.ሜ ይወጣል፤ ልዩነቱ 600 ነው። ቁፋሮ ከመጀመርህ በፊት ስታፉን ሁለተኛው ማንሆል ችካል ላይ አቁመህ አረጋግጥ፤ እዚያ ላይ ከስሌትህ ከ5 ሚ.ሜ በላይ ከወጣ አትጀምር። የአቅጣጫው ነገር ግን ብዙ አያስጨንቅህ። ሌዘሩ ከመስመሩ 10 ዲግሪ ቢዞር እንኳ 0.5 በመቶው 0.492 ነው የሚሆነው፣ በ60 ሜትር 5 ሚ.ሜ ያህል። በማነጣጠሪያው በዓይን ማስተካከል ይበቃል።

ሌዘሩ ራሱ ትክክል መሆኑን ካላወቅህ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ጠዋት ላይ ተዳፋቱን ዜሮ አድርገህ ከሌዘሩ 50 ሜትር ርቀት ላይ አንድ ሚስማር ላይ አንብብ፤ ሌዘሩን ትራይፖዱ ላይ 180 ዲግሪ አዙረህ ድገመው፤ ከዚያ 90 ዲግሪ አዙረህ ሌላውን አቅጣጫም እንደዚሁ። የሁለቱ ንባብ ልዩነት ግማሹ የሌዘሩ ስህተት ነው። የተለመደው ሌዘር በ30 ሜትር 1.5 ሚ.ሜ ስለሚፈቀድለት በ50 ሜትር የሁለቱ ልዩነት ከ5 ሚ.ሜ መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ወይም ወድቆ ከነበረ ወደ ጥገና ይሂድ፤ እስከዚያ በሌቭሉ ሥራ።

ስታፉ የሚያርፍበትንም ተጠንቀቅ። የባኬቱ ጥርስ የፈረፈረው አፈር ላይ ካረፈ ወለሉ 2 ወይም 3 ሴ.ሜ ከፍ ያለ ይመስላል፣ ኦፕሬተሩም ሳያስፈልግ ይቆርጣል። እግሩ ሥር 10 በ10 ሴ.ሜ ላሜራ በይድልኝና ሁለት ሦስቴ መታ አድርገህ አንብብ። ረጅም ስታፍ ላይ መዘንበልም አለ፤ በ4.9 ሜትር ላይ 3 ዲግሪ ብታጋድለው ከ6 እስከ 7 ሚ.ሜ ይሳሳታል፣ 5 ዲግሪ ከሆነ 19 ሚ.ሜ። የስታፍ ውሃ ልክ ርካሽ ነው፣ ግዛው።

ከልክ በላይ መቆፈር ምን እንደሚያስከፍል ለፎርማኑ በቁጥር ንገረው። 10 ሴ.ሜ ትርፍ፣ በ90 ሴ.ሜ ወርድ፣ በ420 ሜትር 37.8 ሜትር ኪዩብ ነው። ያንን የወጣውን አፈር መልሰህ አትሞላበትም፤ ተቆጣጣሪው ወይ ሴሌክት (የተመረጠ አፈር) ሞልተህ ጠቅጥቅ ይልሃል ወይ ሊን ኮንክሪት (ሲሚንቶው ያነሰ ኮንክሪት) አፍስስ።

ጥርስ_በጥርስ

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፣ ግን ኦፕሬተሩ በየባኬቱ ስታፍ እየጠበቀ አይቆፍርም። ሥራው ሁለት ዙር ይሁን። የመጀመሪያው ከወለሉ 20 ሴ.ሜ እስኪቀር በፍጥነት ማውጣት፣ ሁለተኛው በልክ መቁረጥ። በመጀመሪያው ዙር ስታፍ በየ5 ሜትሩ ይበቃል።

በመጀመሪያው ዙር ኦፕሬተሩን የሚረዳው አርሙ ላይ የሚቀባ ምልክት ነው። ማሽኑን ጠፍጣፋ መሬት ላይ አቁም፣ አርሙን በቱንቢ ቀጥ አድርገህ ባኬቱን ክፈተው፤ የጥርሱ ጫፍ ከአርሙ ላይኛ ፒን በቀጥታ ሥር እስኪሆን ድረስ። ከጥርሱ ጫፍ ጀምረህ ወደ ላይ በ2 ሜትር፣ በ2.5፣ በ3፣ በ3.5 ላይ ነጭ መስመር ቀባ፤ ከሩቅ እንዲለይ የ3 ሜትሩን ቀይ አድርገው። ኦፕሬተሩ ባኬቱን በዚሁ ቦታ ይዞ አርሙን ቀጥ ሲያደርግ የቦዩ አፍ የትኛው መስመር ላይ እንደደረሰ ያያል። ይህ ግምት ነው፣ ከ10 ሴ.ሜ የተሻለ አትጠብቅበት፤ ለመጨረሻው ቁርጥ አይሆንም።

ለመጨረሻው ቁርጥ ሪሲቨሩን ከስታፍ አውርደህ አርሙ ላይ በማግኔት መግጠም ትችላለህ። ለማሽን ተብሎ የተሠራ፣ መብራቱ ከኦፕሬተሩ ወንበር የሚታይ ሪሲቨር ቢሆን ይመረጣል፤ የእጅ ሪሲቨር መንቀጥቀጡን ብዙ አይችልም። አገጣጠሙ ላይ ግን ሰው የሚስተው ነገር አለ፦

የጥርሱ ጫፍ ከሪሲቨሩ በቀጥታ ሥር መሆን አለበት። እንደዚያ ከሆነ አርሙ በ5 ዲግሪ ቢዘነብል በ4 ሜትር ላይ የሚመጣው ስህተት 15 ሚ.ሜ ነው፣ ያውም ወደ ጥልቀት ማነስ፤ ተመልሰህ ትቆርጠዋለህ። ጥርሱ ግን ከሪሲቨሩ ቁም መስመር በ50 ሴ.ሜ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ወጥቶ ከሆነ፣ ያው 5 ዲግሪ ሌላ 44 ሚ.ሜ ይጨምራል፣ ይህኛው ደግሞ እንደ አጋደለበት አቅጣጫ ወደ ትርፍ ቁፋሮም ሊሄድ ይችላል። ባኬቱ ሁልጊዜ በአንድ አከፋፈት እንዲቆም የባኬቱ ጆሮና የማገናኛው ክንድ የሚገናኙበት ላይ የቀለም ምልክት አድርግ፤ ሁለቱ መስመር ሲገጥሙ ባኬቱ በቦታው ነው።

የአንተ ሳይት ላይ ሌላ ችግር አለ። አርሙ 2.9፣ ባኬቱ 1.5 ገደማ፣ ድምሩ 4.4 ሜትር። ከላይ የተሰላው የሌዘር ከፍታ ከወለሉ 4.875 ነው፤ ሪሲቨሩን የምትገጥምበት አርም አይኖርህም። ስለዚህ ለማሽን ስትጠቀምበት ሌዘሩን ዝቅ አድርገው፤ ከወለሉ በ3.9 እና 4.2 መካከል እንዲሆን፣ ትራይፖዱን አሳጥረህ ወይም መሬቱ ዝቅ ያለበት ጎን ተክለህ። 3.8 ሜትር ጥልቀት ያለበት ቦታ ላይ ጨረሩ ከመሬት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ስለሚያልፍ የአፈር ክምር ይጋርደዋል። አፈሩን በአንድ ጎን፣ ሌዘሩን በሌላው ጎን። እዚያ ላይ አልሆን ካለ ደግሞ አትታገል፣ በስታፍ ጨርሰው።

ጥርስ ያለው ባኬት ወለሉን ያርሰዋል፣ በጥርሶቹ መካከል ሸንተረር ይቀራል። ለመጨረሻው 10 ሴ.ሜ ጥርሶቹ ላይ ወፍራም ላሜራ በይድ አስይዝ ወይም ስለታም ከንፈር ያለው ያለጥርስ ባኬት ቀይር። ላሜራ ከገባ ከጥርስ ጫፍ እስከ ሪሲቨር ያለው ልክ ይቀየራል፣ እንደገና ለካ።

ጥቁር ጭቃው ላይ ደግሞ የመጨረሻውን 10 ወይም 15 ሴ.ሜ ቱቦው በሚቀመጥበት ቀን ብቻ ቁረጥ። ተቆርጦ አንድ ዝናብ ካገኘው ወለሉ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ትናንት ልክ የነበረው ዛሬ ከፍ ብሎ ይገኛል። ያንን ጭቃ አውጥቶ መተካት ግዴታ ነው፤ ጥልቀቱ ልክ ነው ተብሎ አሸዋ አይነጠፍበትም።

ቦይ_420 (ጠያቂ)

ሁለታችሁም በጣም ግልጽ ነው። የሌዘሩን ዝቅ ማድረግ ነገር አላሰብኩትም ነበር።

ስለ 2ዲው ማሳያ የሚያውቅ ካለ፦ ማሽኑ አሮጌ ነው፣ የባኬት ፒኑ ላይ ልቅነት አለ። እንዲህ ያለ ማሽን ላይ ሴንሰር ቢገጠም ይሠራል? ማሽኑ ወደ ኋላ በተንቀሳቀሰ ቁጥርስ ምን ይሆናል?

ሴንሰር_ገጣሚ

ይሠራል፣ ግን ምን እየለካ እንደሆነ ካላወቅህ በሙሉ እምነት ወደ ስህተት ይወስድሃል።

ማሳያው ጥልቀትን አያይም። የሚያየው አንግል ነው። ቡሙ ላይ አንድ፣ አርሙ ላይ አንድ፣ ባኬቱን የሚያንቀሳቅሰው ማገናኛ ክንድ ላይ አንድ፣ ካቢኑ ያለበት አካል ላይ አንድ ሴንሰር ይገጠማል። እያንዳንዱ ክፍል ርዝመቱ ከአንግሉ ሳይን ጋር ይባዛል፤ የሦስቱ ድምር ከቡሙ ሥር ፒን እስከ ጥርሱ ጫፍ ያለው ከፍታ ነው። አዳዲሶቹ ማሽኖች ይህን ይዘው ይመጣሉ፤ አዲሱ ትውልድ ካተርፒላር 320 ላይ በብዙ ገበያ 2ዲው ከፋብሪካ ነው። የኮማትሱ ፒሲ210ኤልሲአይ ደግሞ አንግል ከመለካት ይልቅ ሲሊንደሩ ውስጥ የፒስተኑን ጉዞ ይለካል። ለአሮጌው ማሽን የሚሸጠው ግን አብዛኛው ከስበት አንጻር አንግል የሚለካ ሴንሰር ነው።

እዚህ ላይ የሚጠቅምህ ነገር አለ። የቡሙ ሴንሰር በ0.1 ዲግሪ ቢሳሳት፣ ቡሙ ወደ አግድም ሲጠጋ 10 ሚ.ሜ ይሳሳታል። የአርሙ ሴንሰር በ0.1 ዲግሪ ቢሳሳት አርሙ አግድም ሲሆን 5 ሚ.ሜ ነው፤ አርሙ ቀጥ ብሎ ሲቆም ግን ወደ ዜሮ ይጠጋል። ስለዚህ የመጨረሻውን ንባብ ሁልጊዜ አርሙ ቀጥ ባለበት ውሰድ። እጁን ሙሉ ዘርግቶ የሚነበበው ቁጥር በጣም ደካማው ነው።

ልቅ ፒን የሚያመጣውን ስህተት ሴንሰሩ አያየውም፤ የሚያውቀው ፒኑ በቦታው እንዳለ ነው። ባኬቱ ተንጠልጥሎ ሲሆን ልቅነቱ ወደ አንድ ጎን ይተኛል፣ ጥርሱ መሬት ሲጫን ደግሞ ወደ ሌላው። በሁለት መገጣጠሚያ 3፣ 3 ሚ.ሜ ልቅነት ካለ ጥርሱ ጫፍ ላይ ከዚያ በላይ ሆኖ ይታያል፤ በተለይ የማገናኛው ክንድ ፒኖች ልቅ ከሆኑ ባኬቱ ስለሚሽከረከር በ1.5 ሜትር ርዝመት ይባዛል። ለመፈተሽ ባኬቱን መሬት አስነክተህ ማሳያውን ተመልከት፣ ከዚያ ትንሽ ተጭነህ በሜትር ጥርሱ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ለካ። ከ15 ሚ.ሜ በላይ ከሆነ መጀመሪያ ቡሹንና ፒኑን ቀይር። ሴንሰር በልቅ ፒን ላይ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው። ካስተካከልክ በኋላም ዜሮ (የመነሻ ከፍታ) ስትይዝም ስታነብም በአንድ ዓይነት ሁኔታ ይሁን፦ በቀስታ አስነክቶ፣ ሳይጫኑ፣ ማሽኑ ቆሞ። በሚሽከረከርበት ወይም ቡሙ በሚወርድበት ቅጽበት የሚነበብ ቁጥር ዋጋ የለውም፤ ፍጥነት ሲቀየር ሴንሰሩ ከስበት ጋር ያምታታዋል።

ጥርስ ማለቅ በጣም የተለመደው ነው። አዲስ ጥርስ ላይ ተለክቶ ከገባ በኋላ 40 ሚ.ሜ ካለቀ፣ ማሳያው ደረስኩ ሲል ጥርሱ 40 ሚ.ሜ ይቀረዋል፣ ባኬቱ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ከሆነ። ጥርስ ስትቀይር ደግሞ በተቃራኒው ትርፍ ይቆፍራል። በየሳምንቱ፣ ድንጋያማ ከሆነ በየቀኑ፣ ከባኬት ፒን እስከ ጥርስ ጫፍ ለክተህ አዲሱን ቁጥር አስገባ። ባኬት ሲቀየር፣ ኪዊክ ካፕለር (ባኬት በፍጥነት የሚቀያየርበት ማገናኛ) ሲገባ ወይም ሲወጣም እንደዚሁ፤ ለእያንዳንዱ ባኬት የራሱ ስም ተሰጥቶ ይቀመጥ።

ከገጠምክ በኋላ አንድ ሰዓት ወስደህ ፈትሸው። ጠንካራ መሬት ላይ ሚስማር ምታ። ጥርሱን ሚስማሩ ላይ አድርገህ አንብብ፤ ባኬቱን ብቻ የተለያየ አከፋፈት ሰጥተህ ጥርሱን እዚያው ሚስማር ላይ ደጋግመህ አሳርፍ። ቁጥሩ ከተለዋወጠ የባኬቱ ልክ ወይም ሴንሰሩ ነው። ከዚያ በተመሳሳይ ከፍታ ላይ በቅርብ፣ በመካከል እና በሩቅ ሦስት ነጥብ ሞክር፤ በቅርብና በሩቅ ከተለያየ የቡም ወይም የአርም ርዝመት ወይም አንግል ነው። በመጨረሻ ካቢኑን 90 እና 180 ዲግሪ አዙረህ በተመሳሳይ ከፍታ ያሉ ነጥቦች ላይ ድገመው፤ በዚህ ብቻ የሚለያይ ከሆነ የአካሉ ሴንሰር ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ከሄድክ ስህተቱ የት እንዳለ ታውቃለህ፤ ዘለህ ከሄድክ ግን አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል። በሁሉም ነጥብ በ20 ሚ.ሜ ውስጥ ከገባ ለአንተ ቦይ በቂ ነው።

የማሽኑ መንቀሳቀስ ዋናው ነገር ነው። 2ዲ ማሳያ ማሽኑ የት እንዳለ አያውቅም። ሰንሰለቱ አንድ ሜትር ከተንቀሳቀሰ ዜሮው ጠፋ፤ ማሳያው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጥር ማሳየቱን ይቀጥላል። ከመንቀሳቀስህ በፊት ከአሁኑም ከሚቀጥለውም ቦታ የሚደረስበት ጠንካራ ነገር፣ ለምሳሌ ወደ መሬት የተቀበረ ድንጋይ፣ በጥርሱ ንካና ቁጥሩን ያዝ። ከተንቀሳቀስክ በኋላ በተመሳሳይ የባኬት አከፋፈት ያንኑ ነክተህ ያንኑ ቁጥር አስገባ። በየሽግግሩ 10 ወይም 15 ሚ.ሜ ሊጠራቀም ስለሚችል ከ4 ወይም 5 ሽግግር በኋላ ወደ ቀያሹ ችካል ተመለስ። ሌዘር የሚይዝ ሪሲቨር አርሙ ላይ ካለ ይህን ራሱ ይሠራዋል፦ ጨረሩን ሲያገኝ ዜሮውን ያድሳል። የአንተ ሌዘር ስላለ ከገጠምክ ያንን የሚቀበል ዓይነት ምረጥ።

ማሽኑ በጎን ያጋደለ መሬት ላይ ከቆመ ሌላ ነገር ይመጣል። 5 ዲግሪ ካጋደለ የ90 ሴ.ሜ ባኬት አንዱ ጥግ ከሌላው 78 ሚ.ሜ ዝቅ ይላል። ማሳያው የመካከሉን ወይም የመረጥከውን ጥግ ነው የሚያሳይህ። ለሰንሰለቱ መደላድል መሥራት ከማንኛውም ሴንሰር ይበልጣል።

ያዋጣል ወይ ላልከው፣ ለዚህ 420 ሜትር ብቻ ከሆነ አያዋጣም፤ ሌዘርና ስታፍ ይበቁሃል። ማሽኑ ዓመቱን ሙሉ ቦይና መሠረት ላይ የሚውል ከሆነ ግን፣ ስታፍ ሲጠበቅ የሚባክነው ሰዓት ራሱ ይከፍለዋል። ስትገዛ ኬብሉ በማገናኛው ክንድ በኩል እንዴት እንደሚያልፍ እይ፤ መጀመሪያ የሚበጠሰው እሱ ነው። ጃክ ሀመር (ድንጋይ መስበሪያ) በሚገጠምበት ጊዜ ደግሞ የማገናኛውን ሴንሰር አውርደህ አስቀምጥ።

ከሜሪላንድ

እዚህ አሜሪካ ብዙ ማሽን 3ዲ (ቦታውን በሳተላይት የሚያውቅ) ነው፤ ሁለት አንቴና ማሽኑ የኋላ ማመጣጠኛ ክብደት ላይ፣ ቤዝ ስቴሽን (ሳይቱ ላይ የሚቆም የሳተላይት ማስተካከያ)፣ ፕላኑ ስክሪኑ ላይ። ማሽኑ ቢንቀሳቀስም ዜሮ አይጠፋም። ግን ከሳተላይት የሚመጣው ከፍታ 2 ወይም 3 ሴ.ሜ ስህተት አለው፤ በ0.5 በመቶ ይህ የ4 ወይም የ6 ሜትር መስመር ውድቀት ነው። ስለዚህ በ3ዲ ቢቆፈርም ቱቦው በፓይፕ ሌዘር (በቱቦው መስመር ውስጥ የሚተከል ሌዘር) ወይም በሌቭል ነው የሚቀመጠው። ኢትዮጵያ ውስጥ 3ዲ የሚሞክር ካለ ፕላኑ በአዲንዳን (በኢትዮጵያ የቆየው የካርታ መነሻ ሥርዓት) ሊሆን እንደሚችል፣ ሳተላይቱ ደግሞ በዳብሊውጂኤስ 84 (የዓለም አቀፉ ሥርዓት) እንደሚሰጥ አይርሳ። የሁለቱ ልዩነት በአግድም ከ100 ሜትር በላይ ነው፤ ሳተላይቱ የሚሰጠው ከፍታም ከባሕር ወለል የተለካ አይደለም። ሳይቱን ከብበው ባሉ ቢያንስ 4 ወይም 5 የታወቁ ነጥቦች ማስተካከል ያስፈልጋል።

ሌላው፣ የደኅንነቱን ጉዳይ ጠያቂው ማንሳቱ ልክ ነው፣ ግን ቱቦውን ለማስቀመጥ ሰው መውረዱ አይቀርም። እዚህ ሕጉ ከ1.5 ሜትር ጀምሮ፣ ጠንካራ አለት ካልሆነ በቀር፣ ያለ ድጋፍ ወይም ያለ ተዳፋት ግድግዳ ማንም እንዳይወርድ ይከለክላል፤ የወጣው አፈር ከአፉ ቢያንስ 60 ሴ.ሜ ይራቅ፤ መሰላል ከሠራተኛው ከ7.6 ሜትር በላይ አይራቅ ይላል። ጥቁር ጭቃ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ቀጥ ብሎ የቆመው ግድግዳ ሳያስጠነቅቅ በጅምላ ይወርዳል፤ አንድ ሜትር ኪዩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ነው። ስታፍ የሚይዘው ልጅም አፉ ጠርዝ ላይ አይቁም፤ ወፍራም ሳንቃ ተነጥፎለት፣ ኦፕሬተሩ በሚያየው ጎን፣ ባኬቱ መሬት ላይ ካረፈ በኋላ ብቻ ይጠጋ።

ቦይ_420 (ጠያቂ)

የግድግዳውን ድጋፍ ለተቋራጩ በጽሑፍ አቀርባለሁ። 2ዲውን ለጊዜው እንተወዋለን።

አንድ የቀረኝ፦ ሌዘሩ አንድ ብቻ ነው። ቢበላሽ ሥራው እንዳይቆም በሌቭል ብቻ እንዴት ይያዛል? በየነጥቡ ሌቭል ማንበብ ይዘገያል።

ሌቭል_ከነስታፉ

በሌቭል ችካልና አግዳሚ እንጨት ትሠራለህ። ሌዘር ከመምጣቱ በፊት ሁሉም እንደዚህ ነበር የሚቆፍረው፣ በትክክል ከተሠራም ከ1 ሴ.ሜ አይወጣም።

በእያንዳንዱ ማንሆል ላይ ቦዩን ተሻግሮ የሚቆም አግዳሚ እንጨት ሁለት ቋሚ ላይ ምታ፣ መካከል ላይ በ30 ሜትር አንድ ተጨማሪ። 4 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ራሱ ላይ የቲ ቅርጽ ያለው መለኪያ ዘንግ አዘጋጅ። የአግዳሚው ላይኛ ጠርዝ ከቦዩ ወለል በትክክል 4.000 ሜትር ከፍ ይበል፦ በመጀመሪያው ማንሆል 2345.050፣ በ30 ሜትር 2344.900፣ በሁለተኛው ማንሆል 2344.750። መሬቱ 2343.850 በሆነበት ቦታ እንጨቱ ከመሬት 1.2 ሜትር ከፍ ይላል፤ ጎንበስ ብሎ ለማየት ይመቻል። መሬቱ ከፍ ብሎ እንጨቱ ዝቅ የሚልበት ክፍል ላይ 4.5 ሜትር ዘንግ ሥራ፣ ግን በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት የተለያየ ዘንግ አታቀላቅል።

አንድ ሰው ከአንዱ አግዳሚ ላይ ወደ ሌላው አሻግሮ ያያል፤ ሌላው ዘንጉን ከአፉ ወደ ወለሉ ያወርዳል። የዘንጉ ራስ ከሁለቱ ጠርዝ ጋር ከገጠመ ወለሉ ደርሷል፣ ከፍ ካለ ይቆረጥ። ዘንጉን ከባሕር ዛፍ አትሥራው፤ እርጥብ ከሆነ በሁለት ቀን ይጣመማል። 40 ሚ.ሜ አርኤችኤስ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ቀላልም ቀጥም ነው።

አግዳሚዎቹን ስትተክል አውቶ ሌቭሉን አስቀድመህ ፈትሸው። 50 ሜትር የተራራቁ ሁለት ችካሎችን መጀመሪያ ከመካከላቸው ቆመህ፣ ቀጥሎ አንዱ አጠገብ ቆመህ አንብብ፤ የሁለቱ ከፍታ ልዩነት ከ3 ሚ.ሜ በላይ ከተቀየረ ሌቭሉ መስተካከል አለበት።

ሦስተኛውን መካከለኛ አግዳሚ አትዝለለው። ሁለት ብቻ ካሉ ሁልጊዜ ይገጥማሉ፣ አንዱ በመኪና ተነክቶ ቢዘነብልም አታውቅም። ሦስት ከሆኑ ጠዋት ላይ አንዴ አሻግረህ ስታይ የተነካው ይለያል፤ የተነካውን ከማንሆሉ ችካል በሌቭል መልስና ቁፋሮውን ቀጥል።